በእርጅና ዘመን የኪራይ ቤታችንን ምን እናድርገው?



ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ከሚሴ ሲደርስ ከዋናው ቤት ጀርባ በመስመር የተሠሩ የኪራይ ክፍሎችን በየግቢው ያያል። ይህን እንደ ቀላል ነገር አንመልከተው። ሾፌሩ፣ ግንበኛውና ነጋዴው የጡረታ ደብተር አልነበራቸውም፤ ለግል ድርጅት ሠራተኞች እንኳ የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እነዚያ ቆርቆሮ የለበሱ ክፍሎች የብዙ አረጋውያን ጡረታ ናቸው።

ጥያቄው የሚመጣው ጉልበት ሲደክም ነው። ቤቱ ይሸጥ? በመያዣ ይበደሩበት? ለልጆች ይከፋፈል? ወይስ ኪራዩ እየተበላ ይቆይ? ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን የሚያነሣው አረጋዊው ራሱ ሳይሆን ልጁ ነው። በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ባሕሩንም ተሻግሮ በየመን በኩል ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ሊሄድ ለሚያስብ ወጣት ደላላው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ወጣቱ በመንገድ ከታገተም አጋቹ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የወላጅ ቤት ገበያ ይወጣል።

መጽሐፈ ሲራክ በ33ኛው ምዕራፍ በዚህ ጉዳይ ላይ የማያሻማ ምክር አለው። ሰው በሕይወት ሳለ ሀብቱን ለልጅም ሆነ ለወዳጅ አስረክቦ ኋላ ለማኝ እንዳይሆን፣ ርስቱንም በዕድሜው ፍጻሜ እንዲያከፋፍል ያስተምራል። አንዳንዶች ይህን የስስት ምክር ያስመስሉታል። ነገር ግን ወላጁ የሰው እጅ ሲያይ የሚዋረደው ልጁም ጭምር ነው። ጌታችንም ለወላጅ መርጃ የሚሆነውን ሀብት «ቁርባን ነው» እያሉ የሚያስቀሩትን ሰዎች ነቅፏል (ማር. 7)። ስለዚህ ቤታቸውን ለቁምስናው ሊሰጡ የሚመጡ አረጋዊ ካሉ፣ መምህሩ ከማመስገኑ በፊት «አባባ፣ እርስዎ በምን ይኖራሉ?» ብሎ ይጠይቃቸው።

መበደር ግድ ከሆነ የሚፈርሙትን ማወቅ ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የያዘውን ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የሰባ ዓመት ሰው ደግሞ ሌላ ቤት የሚሠራበት ጉልበት የለውም። የቆየው የወለድ አገድ ልማድ የሚሻል የሚመስላቸው አሉ። በዚህ ልማድ አበዳሪው በወለድ ፈንታ ቤቱን ይዞ በኪራዩ ይጠቀማል፤ ዋናው ዕዳ ግን አይቀንስም። አረጋዊው የሚበላውን ኪራይ አጥቶ ዕዳውን እንደተሸከመ ይቀራል። በነህምያ ዘመን ሕዝቡ እህል ለመግዛት እርሻውንና ቤቱን አስይዞ ሲጮኽ፣ ገዥው የተቈጣው በተበዳሪዎቹ ላይ ሳይሆን በአበዳሪ ወገኖቻቸው ላይ ነበር (ነህ. 5)። ከመካከላችን ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ምዕራፍ ለብቻው ያንብበው። ሁለት ቤት ያለው አንዱን ሸጦ ለሕክምና ቢያውል ነውር የለበትም፤ የሚኖሩበትን ቤት ለደላላ ጉዞ ማስያዝ ግን ልጁንም ቤቱንም ለአደጋ መስጠት ነው።

ቤት ራሱ እንደምናስበው የጸና አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ በኪራይ ሊጦሩ ያሰቡ ሰዎች ሐሳባቸው ከንቱ ሆኖ ቀረ። በ2013 ዓ.ም. በጎረቤታችን በአጣዬ ብዙ ቤቶች ተቃጠሉ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ ከሚሴ ደረሰ። በሉቃስ ወንጌል 12ኛ ምዕራፍ ስለ ጎተራው ሰው የተነገረውን በዚህ አካባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ከኪራዩ ጥቂቱ በየወሩ በባንክ ቢቀመጥ መልካም ነው።

ተከራዩም አይረሳ። ከሩቅ የመጣው መምህር ወይም ነርስ ደመወዙ የታወቀ ነው፤ የእርጅናችንን ሸክም ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን አይገባም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ከክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ቢሆንም፣ ልኩን ለማወቅ ውሳኔ መጠበቅ አያሻንም።

ስለ ሚስት ግን ጠንከር አድርጌ ልናገር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል ያለ ኑዛዜ ቢሞት ሚስቱ የጋራ ንብረታቸውን ግማሽ ትወስዳለች እንጂ የእርሱን ድርሻ አትወርስም፤ እርሱን ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ እኩል ይካፈሉታል። ልጆቹ ክፍፍል ከጠየቁ እናቲቱ ካረጀችበት ቤት ልትወጣ ትችላለች። ባል በኑዛዜው የድርሻውን የአላባ ጥቅም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ለእርሷ ቢተውላት ግን ልጆቹ ባለቤት ሆነው እርሷ በቤቱና በኪራዩ ትኖራለች። ከእርሷ በኋላ የአንዲት ክፍል ኪራይ ለድኾች እንዲውል መናዘዝም ይቻላል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወቅፍ ሲያደርጉ ንብረቱ ሳይሸጥ ፍሬው እንዲሰጥ ያደርጋሉና፣ ከእነርሱ ብንማር አናፍርም።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ወዲያው ይፈረማል፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ቁጥራችን በዚህ አካባቢ ጥቂት ቢሆንም አራት ምስክር አናጣም። መምህራን ሆይ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው ስትጐበኙ፣ ባልና ሚስት አብረው በተቀመጡበት፣ በጤናቸው ሳሉ፣ ኑዛዜ ጽፈው እንደሆነ ጠይቋቸው።