በልደት ሥዕል ውስጥ ስለሌለው ሰው

አንባቢ ሆይ፤ ታኅሣሥ 29 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የልደትን ሥዕል ፈጥነህ አትለፈው። እንደ ሀገራችን ልማድ ድንግል ማርያም በሕፃኑ አጠገብ ትሣላለች፤ ዮሴፍ በአንድ ወገን፥ እረኞችና ሰብአ ሰገልም በዙሪያ፥ መላእክትም ከላይ ይታያሉ። ላምና አህያም አንገታቸውን ወደ ግርግሙ አስግገው ሕፃኑን በትንፋሻቸው ያሞቁታል።

እነዚህ እንስሳት ከወዴት መጡ? ሉቃስ ግርግሙን ይጽፋል እንጂ ላምንም አህያንም አያነሣም። የተገኙት ከትንቢተ ኢሳይያስ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ በዚያም ነቢዩ በሬ ጌታውን፥ አህያም የጌታውን ግርግም ሲያውቁ፥ ሕዝቡ ግን አለማወቁን ይወቅሳል። እንግዲህ እንስሳቱ ለጌጥ ብቻ የቆሙ አይደሉም፤ በሥዕሉ ውስጥ ለሌለው ሰው ክስ ናቸው።

ሉቃስ በማደሪያው ስፍራ እንዳልነበራቸው ይነግረናል፤ ስፍራ የለም ያለውን ሰው ግን በስም አይጠራውም። ሠዓሊውም አይሥለውም። በጣና ዳር፥ በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎቹ የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት፥ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ሸራ ክፉ ሰው የሚታወቀው በአንድ ዓይኑ ነው፤ ጌታን የሚያንገላቱት ሰዎች ፊታቸውን በጎን አዙረው ሲሣሉ፥ ጻድቃን ግን በሁለት ዓይን ይመለከቱናል። በልደት ሥዕል ዘንድ አንድ ዓይን ያለውን ሰው ብትፈልግ አታገኝም። ታዲያ በደለኛ አልነበረም ማለት ነውን?

በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ በድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። መልካም ነው፤ ከሚሰግዱት መካከል መቈጠርን ማን ይጠላል? ነገር ግን «በሩን ከዘጉት ጋር ሣለኝ» ብሎ ለሠዓሊ የከፈለ ሰው አልሰማሁም።

የሚገርፍ ሰው ጅራፉ በእጁ ይታያል። ስፍራ የለም የሚል ሰው ግን እውነት የሚናገር ይመስላል፤ ምናልባትም እውነት ይናገራል፤ በዚያ ወራት በቤተ ልሔም ስለ ሕዝብ ቈጠራ ብዙ እንግዳ ነበረና። ይሁን እንጂ ስፍራ የታጣው ለማን ነው? ባለ ብዙ በቅሎ ነጋዴ ቢመጣ ኖሮ አንድ ጥግ ባልጠፋ ነበር።

ይህን ለመጻፍ የደፈርሁት ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ደብረ ማርቆስ፥ ጥንት መንቆረር የተባለችው ከተማችን፥ ከገጠር ለሚመጣ ብዙ ሰው መድረሻ ናት። አንድ ዓመት በገና ዋዜማ፥ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ምሽት፥ አንዲት ልጅ እግር ነፍሰ ጡር ከመናኸሪያ መጥታ የሚከራይ ክፍል እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ባል ከአጠገብዋ አልነበረም፤ ዓይኔም ወደ ሆድዋ ሄደ። «ተይዟል፥ እኅቴ» አልኋት፤ ያውም በለሰለሰ ድምፅ፥ መልካም በዓል ብዬ ጭምር። በማግስቱ ከቅዳሴ ስንመለስ ጎረቤቴን ጠየቅሁት፤ እርሱም ያንኑ ቃል ነግሯት ኖሯል። ክፍሉ እስከ ጥምቀት ድረስ ባዶውን ሰነበተ።