ክብሩ የማን ነው?

በአሜሪካ ገጠር አልፈው ከሆነ፣ በምግብ ቤት ወይም በሥራ ባልደረባዎ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የአጋዘን ራስ ሳያዩ አልቀሩም። «ይህ ማክበር ነው ወይስ መመጻደቅ?» ብለው ራስዎን ጠይቀውም ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለምና እስቲ አብረን እንመርምረው።

ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለው የአዳኞች ክበብ በ1887 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት፣ ዋናው መሥራች ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበሩ። ክበቡ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ አራዊት እየለካ ይመዘግባል። የባለ ነጭ ጅራቱ አጋዘን ቀንድ ቢያንስ 60 ቀን ከደረቀ በኋላ ርዝመቱ፣ ውፍረቱና የቅርንጫፎቹ ብዛት እስከ ኢንች ስምንተኛ ድረስ ይለካል። ግራና ቀኙ ካልተመሳሰለ ነጥብ ይቀነሳል። በቋሚው መዝገብ ለመስፈር መደበኛ ቅርጽ ያለው ቀንድ 170፣ ከመደበኛው የወጣው ደግሞ 195 ነጥብ መሙላት አለበት።

ይህ ሁሉ ልኬት ለአዳኙ ክብር ነው እንዳንል አንድ ነገር ይከለክለናል። ከመደበኛው ከወጡት ቀንዶች የአንደኝነቱን ስፍራ የያዘው፣ 333 ከ7/8 ነጥብ ያገኘው አጋዘን፣ በ1981 በሚዙሪ ሞቶ የተገኘ ነው። በኦሃዮ በ1940 የተገኘው ተከታዩም እንዲሁ በአዳኝ ጥይት አልወደቀም። ስለ እነዚህ የሚፎክር ገዳይ የለም፤ ሆኖም መዝገቡ አክብሯቸዋል። እንግዲያው የቀንዱ ክብር የአጋዘኑ የራሱ ነው።

ታዲያ ለአዳኙ ምን ቀረለት? በሀገራችን በቀድሞው ዘመን አንበሳ ወይም ዝሆን የጣለ ሰው ግዳዩን ቆጥሮ ይፎክር፣ ይሞገስም ነበር፤ አውሬው መልሶ ሊገድለው ይችል ነበርና። አጋዘን ግን አዳኙን አይገጥምም፤ ጋሻው እግሩ፣ ጆሮውና አፍንጫው ነው። ስለዚህ ክበቡ በአጥር ተከልሎ ማምለጫ ያጣውን እንስሳ፣ ቀንዱ የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ አይመዘግብም። አዳኙም በአግባቡ ማደኑን በፊርማው ያረጋግጣል። በጫካው ውስጥ ግን ምስክር የለም። ሜትሩ ቀንዱን ይለካል፤ ሕሊናን አይለካም።

«ለሞተው አጋዘን መዝገብ ምን ይረባዋል?» የሚሉኝ አይጠፉም። እውነት ነው፣ ለእርሱ ምንም አይረባውም። ነገር ግን የዱር እንስሳት ለገበያ እየታደኑ ባለቁበት ዘመን፣ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለ እንስሳ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ተጓጉዞ እንዳይሸጥ የከለከለውን የ1900 የሌሲ ሕግ ከደገፉት መካከል አዳኞች ነበሩበት። መግደል የሚችል እጅ ራሱን ሲገታ የሚገኘው ክብር ይህ ይመስለኛል።

አንባቢዬ፣ እኛም በስደት ሀገር ቤታችንን፣ መኪናችንንና ገቢያችንን እንለካለን። ቁጥሩን ሁሉም ያየዋል። ማንም ባላየን ቦታ እንዴት እንዳገኘነው የምንመሰክረው ግን እኛው ብቻ ነን። ያንን ቃል ሳንሸማቀቅ መፈረም እንችል ይሆን?