የአሸናፊ ግለ ሂስ

በመኝታ ክፍላችን ቼዝ ስንጫወት ዘወትር የምንታዘበው አንድ ነገር አለ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የተሸነፈው ልጅ ጠጠሮቹን ሳይሰበስብ ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ ይቀራል። «እዚህ ጋ ፈረሷን ባላነሳት ኖሮ...» እያለ ራሱን ያብጠለጥላል። ያሸነፈውስ? እሱማ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል። ምን ያድርግ፣ አሸንፏላ! ስሕተት ፍለጋ የተሸናፊ ዕጣ ነው ብለን ሳንነጋገር ተስማምተናል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የቆመውን ግን ማን ይነካዋል?

እኛ ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይኸው ነው። ያሸነፈ ሰው ድሉን የመመርመር ግዴታ አለበትን? ካለበትስ ለማን ብሎ?

ምሳሌያችንን ከታላላቆቹ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 1999 በሆላንድ፣ ቬይክ አን ዜ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጋሪ ካስፓሮቭ ነጭ፣ የቡልጋሪያው ቬሴሊን ቶፓሎቭ ጥቁር ይዘው ተቀመጡ። በ24ኛው እርምጃ ካስፓሮቭ ሩኩን ተራ ወታደር ሊበላው ከሚችልበት ቦታ ላይ አኖረው። ቶፓሎቭም በላው። ካስፓሮቭ ወዲያው ሁለተኛውን ሩክ ደግሞ «እንካ» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል፤ ጥግ ላይ ተሸሽጎ የነበረው የጥቁሩ ንጉሥ እየተገፋና እየተጎተተ ሰሌዳውን ከዳር እዳር አቋረጠና በ35ኛው እርምጃ ነጮቹ ጨዋታ ከሚጀምሩበት ረድፍ ላይ ብቻውን ቆመ። በ44ኛው ቶፓሎቭ እጁን ሰጠ።

ድሉ ለታይታ ብቻ አልነበረም። በ13 ዙሩ ውድድር ካስፓሮቭ 10 ነጥብ፣ ሁለተኛ የወጣው ቪስዋናታን አናንድ 9 ተኩል አገኙ። ይህ አንድ ጨዋታ በአቻ ቢያልቅ ኖሮ ሁለቱ እኩል ይሆኑ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ካስፓሮቭ ያንን ጨዋታ ተንትኖ ሲያሳትም ምን አለ? ቶፓሎቭ ሩኩን መብላት አልነበረበትም አለ። ንጉሡን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ፈቀቅ ቢያደርገው ኖሮ የነጩ ጥቃት ይከሽፍ ነበር። ያ ሁሉ ውበት የተወለደው ተጋጣሚው ስጦታውን ስለ ተቀበለ ነው። ሌሎች ተንታኞችም ካስፓሮቭ ራሱ በ28ኛው እርምጃ የተሻለ መንገድ እንዳለፈው አሳዩ። ጨዋታው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላም ከታላላቆቹ ተርታ አልወረደም። ይልቁንም አሁን የበለጠ እናውቀዋለን።

ከጓደኞቻችን አንዱ ይህን ስናነብለት «እንዴ! ነጥቡ ነጥብ ነው፤ ሰዓቱ እየቆጠረ ሰው ሁሉን ሊያይ ነው እንዴ? ዛሬ ስልክ በሴኮንድ የሚያየውን ያን ጊዜ አላየህም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው» አለን። ልክ ነው። እኛም ማንንም መውቀሳችን አይደለም። ሩኩን ለመሠዋት የሚያስፈልገው ድፍረት ድፍረት ነው፤ ከተበላም በኋላ ንጉሡን በዚያ ሁሉ መንገድ መንዳት የታላቅ አእምሮ ሥራ ነው። የምንለው ሌላ ነው። በአንድ ድል ውስጥ ሦስት ነገሮች ተጠላልፈው ይገኛሉ፤ ዕውቀታችን፣ ድፍረታችን፣ የተጋጣሚያችን ስሕተት። ውጤቱ ሦስቱንም ደምሮ «1» ብሎ ይጽፋቸዋል። ለይቶ የሚያስቀምጣቸው ምርመራ ብቻ ነው።

ያ ካልሆነ ምን ይመጣል? አሌክሳንደር አሌኪንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1927 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በችሎታው ማንም የማይጠራጠረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ሞስኮ ላይ ተጫወትኩት ብሎ በመጽሐፉ ያሰፈረው፣ አምስት ንግሥቶች በአንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የሚታዩበት ጨዋታ አለ። የቼዝ ታሪክ አጥኚዎች ሲመረምሩት ግን እንደዚያ አልተካሄደም፤ ከእውነተኛው ጨዋታ ትንተና የወጣ መስመር ሆኖ ተገኘ። እስቲ አስቡት፣ ይህን የመሰለ ሰው ድል አንሶት ነውን? አላነሰውም። ድሉን ከመመርመር ማስዋቡ ቀለለው እንጂ። እኛም ብንሆን ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለንም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉድ እንምጣ። ባለፈው ሴሚስተር አራት ሆነን የድልድይ ተሸካሚ ስሌት የቡድን ሥራ አስረክበን ከክፍሉ ከፍተኛውን ማርክ አገኘን። ደስታችን ልክ አልነበረውም። ከወር በኋላ ወረቀቱን ስናገላብጥ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሁለት የምልክት ስሕተቶች አገኘን፤ አንዱ ሌላውን አጣፍቶት መልሱ ልክ ወጥቷል! ሳቅን። ቀጥሎ ግን ሳቃችን ጠፋ። ምክንያቱም ወረቀቱ «የጎበዞቹ ሥራ» ተብሎ በታናናሾቻችን እጅ በኮፒ ይዞር ነበር። እነሱ በዚያው መንገድ ሌላ ተሸካሚ ሲያሰሉ ስሕተቶቹ አይጣፉላቸውም።

ለመምህሩ እንንገር? እዚህ ላይ ተከፋፈልን። ከአራታችን አንዱ ማርኩ ትንሽ ዝቅ ቢል ዋርኒንግ ላይ የሚወድቅ ነው። ለሦስታችን እውነት መናገር የኩራት ጉዳይ ነው፤ ለእሱ የዳቦ ጉዳይ ነው። በሰው ኪስ ጀግና መሆን ደግሞ ቀላል ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ለእሱ ተውነው። ሁለት ቀን ዝም አለ። ክፍሉ ውስጥ ቼዝ እንኳ የተጫወተ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን እስክሪብቶ አንሥቶ ስሕተቶቹን በኅዳጉ ላይ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። «ያቺን ወረቀት ይዞ ፈተና የሚገባው ልጅ ከኔ በምን ያንሳል?» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ከዚህ የተማርነው ነገር ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ይሆናል። የተሸናፊ ስሕተት ጎጂነቱ ለተሸናፊው ነው፤ ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይከተለውም። የአሸናፊ ስሕተት ግን ምሳሌ ሆኖ ይባዛል። ስለዚህ ድሉን የሚመረምር ሰው የሚመረምረው ከእሱ ለሚማሩት ብሎ ነው። የካስፓሮቭ መምህር የነበረው ሚካይል ቦትቪኒክ ተጫዋቾች ትንተናቸውን እንዲያሳትሙና ለሌሎች ትችት እንዲያጋልጡ የሚመክረው ያለ ነገር አልነበረም። ሰው በገዛ ድሉ ላይ ብቻውን ዳኛ ሲሆን ፍርዱ ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቀዋላ!

ሂስና ግለ ሂስ የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ስብሰባ አይቷል። ከታላላቆቻችን እንደ ሰማነው ግለ ሂስ እንዲያደርግ የሚነሣው ብዙ ጊዜ የወደቀው ሰው ነበር፤ ያም ቅጣት እንጂ ምርመራ አይባልም። ቃሉ ክብሩን የሚያገኘው ማንም ሳያስገድደው ያሸነፈው ሰው ሲነሣበት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሁንና ሰው ቀድሞ መስኮቱን ቢከፍት ምን አለበት?

ለመምህሩ ነግረናል። ማርኩ ይቀነስ አይቀነስ ገና አልተወሰነም። እስከዚያው ግን ያ ወረቀት በእጃችሁ ያለ ሁሉ ሦስተኛውን ገጽ ግለጡና በሁለተኛውና በአምስተኛው መስመር ያሉትን ምልክቶች አስተካክሉ። መልሱ ያው ነው፤ መንገዱ ግን ተሳስቷል።