መጤው ማነው?

«መጤ» የሚለው ቃል ከአራዳ ልጅ አፍ ሲወጣ መቼም ያስቃል። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ጣልያንኛ ነው። አርመኑም፣ ግሪኩም፣ ሕንዱም ሱቅ ከፍቶበታል፤ ጉራጌው ከአገሩ በእግሩ መጥቶ ነግዶበታል። ከተማዪቱን ያለበሰው ባሕር ዛፍም በምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ ቃል ሰው ከኖረበት ቀዬ ሲፈናቀልም ሰምተናልና ሳቁ ብዙ አይቆይም። ታዲያ የተፈጥሮ ሊቃውንት ቃሉን ለነፍሳት ሲያውሉት ጥፋቱን የሚጥሉት በማን ላይ ነው?

አንዲት የእሳት እራት እናንሣ። ቁመቷ ከአንድ ሳንቲሜትር ያነሰ፣ መልኳ አመድማ፣ በሌሊት የምትበር ናት። አገሯ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። የአፕልን ትል ስለምትመስል እንግሊዞች «ሐሰተኛ» የሚል ቅጽል ለጥፈውባታል፤ እሷ እንኳ ማንንም ነኝ ብላ አልዋሸችም። ብርቱካን፣ ቃሪያና ጥጥ ትበላለች፤ ጽጌረዳም አይቀራትም። እንቁላሏን አበባው ላይ ትጥላለች፣ ትሉ እንቡጡን በስቶ ይገባል፣ አበባው ተቆርጦና ታስሮ በቦሌ በኩል ሆላንድ ይደርሳል። እዚህ ባለአገር የነበረችው እዚያ ስትወርድ መጤ ሆነች ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያና ከሌሎችም የአፍሪካ አገሮች በሚገባው ጽጌረዳ ላይ ጠበቅ ያለ ደንብ ሥራ ላይ አውሏል። ክንፍማ አላት፤ ሜዲትራኒያንን ያሻገራት ግን ክንፏ ሳይሆን ንግድ ነው።

ነገሩን ገልብጠን ስናየው እኛም ተቀባዮች ነን። የቲማቲም ማሳ የሚያራቁተው የእሳት እራት ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ግድም ደርሶናል። ከሁሉ የሚከነክነን ግን እምቦጭ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፤ ዓለምን ያዳረሰውም በአብዛኛው የኩሬ ጌጥ እየተባለ ነው። ቆቃ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ጣና ላይ በ2011 ታየ። ከዚያ ወዲህ የጣና ዳር ገበሬና ዓሣ አጥማጅ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ይህ ሰው በዕድሜው የኩሬ ጌጥ ገዝቶ አያውቅም። በአበባው የተደሰተው ሌላ፣ ያተረፈው ሌላ፣ ዕዳውን የከፈለው ሌላ።

በዚህ ስንከራከር ከመሀላችን አንዱ «ትሏ ምን ታድርግ? የተሰጣትን በላች እንጂ!» ይላል። ልክ ነው፤ ልቦና የሌለው ፍጡር አይከሰስም። ሌላው ደግሞ «ነጋዴውስ ቢሆን እንቁላሉን መች አየው?» ሲል ይነሣል። እዚህ ላይ አንስማማም። ሕይወት ያለው ዕቃ የሚነግድ ሰው፣ ዕቃው ምን አዝሎ እንደሚሄድ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ትርፉን አጥርቶ ያየ ዓይን ጣጣው ላይ ሲደርስ ብቻ የሚታወረው ለምንድነው?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የመንገዱ ዳር ሣርና አበባ ለብሷል። ለዓይን ደስ ይላል፣ አንክድም። ችግኙ ከየት እንደመጣና ማን እንደመረመረው መጠየቅ ያለበት ግን የሚተክለው ሰው እንጂ፣ ነገ ትሉ ከጎመኗ ላይ የሚወጣባት የጉለሌ ባልቴት አይደለችም።