ዳኛ ቢገፋ ኃጢአቱ የማን ነው?

የፍርድ ቤት ነጻነት የመንግሥታትና የሕግ ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኛ ግን ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞ የሕሊና ጥያቄ ነው እንላለን። ዳኛ ከውጭ በመጣበት ግፊት የተነሣ ፍርድ ቢያጣምም ኃጢአቱ የማን ነው? የገፋው ወይስ የተገፋው?

ወንጌላዊው ዮሐንስ የጲላጦስን ችሎት ሲተርክልን ይህንኑ ጥያቄ በፊታችን ያኖራል። ጲላጦስ በጌታችን ላይ በደል እንዳላገኘበት ሦስት ጊዜ መስክሯል። እንግዲህ እውነቱ አልተሰወረውም። ነገር ግን ኢየሱስን ቢፈታው የቄሣር ወዳጅነቱ እንደሚቀርበት ከአደባባይ በተነገረው ጊዜ (ዮሐ. 19፥12)፣ የተከሳሹን ሥራ መመዘኑን ትቶ የገዛ ሹመቱን መመዘን ጀመረ።

ጌታችን አሳልፎ የሰጠው ሰው ኃጢአት የሚበልጥ መሆኑን ለጲላጦስ ነግሮታል (ዮሐ. 19፥11)። የአንዱ ይበልጣል ማለት ግን የሌላው የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ገፊው በግፊቱ፣ ዳኛውም በፍርዱ ይጠየቃሉ። በጸሎተ ሃይማኖታችንም ስሙ የሚነሣው የጮኸው ሕዝብ ሳይሆን የፈረደው ጲላጦስ ነው።

በዘመናችን የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምስክር አለን። ሮዛርዮ ሊቫቲኖ በኢጣሊያ፣ በሲሲሊ ደሴት፣ በአግሪጄንቶ ከተማ በመጀመሪያ በዐቃቤ ሕግነት፣ በኋላም በዳኝነት ያገለገለ ምእመን ነበር። በማስታወሻ ደብተሮቹ ላይ «በእግዚአብሔር ጥበቃ ሥር» የሚል ትርጉም ያላቸውን ሦስት የላቲን ፊደላት ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ባደረገው ንግግር፣ የዳኛ ነጻነት ከችሎት ውጭ ባለው ኑሮው ጭምር እንደሚታወቅ፣ ሹመትንና ጥቅምን መመኘትንም መተው እንደሚገባው አስተምሯል። ጲላጦስን የጣለው ይኸው ምኞት መሆኑን ልብ ይሏል። ሊቫቲኖ እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1990 ያለ አጃቢ ወደ ሥራው ሲሄድ በወንበዴዎች ጥይት ተገደለ፤ ዕድሜውም 37 ዓመት ነበር። ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. ግንቦት 9 ቀን 2021 በዚያው በአግሪጄንቶ ብፅዕናውን አወጀች።

የአገራችን ሕገ መንግሥት (1987 ዓ.ም.) በአንቀጽ 79 ዳኞች በሙሉ ነጻነት እንዲሠሩና ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመሩ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ግፊት የሚመጣው ከባለ ሥልጣን ብቻ አይደለም። ዘመድ፣ አብሮ አደግ፣ የአገር ልጅ፣ አንዳንዴም የንስሓ አባት ለምልጃ ወደ ዳኛው ቤት ይላካል። ይህ ከሽምግልና ጋር መምታታት የለበትም። ሽምግልና ሁለቱን ባለጉዳዮች ፊት ለፊት አስቀምጦ ያስታርቃል፤ በዳኛው ቤት በስውር የሚደረገው ምልጃ ግን አማላጅ የሌላትን መበለት በሌለችበት ያስፈርድባታል። መማለጃ ያልተከፈለበት ቢሆንም እንኳ ፍርዷን ነጥቋታል።

እንግዲህ ምእመናን፣ ስለ ዳኞቻችን በቅዳሴያችን እንጸልይ። ነገራችን በችሎት ሳለ ግን የዳኛውን ደጅ አንምታ። ለእርሱ የምንለምነውን ብርታት፣ በአማላጅ መልሰን ልንወስድበት አይገባንምና።