የተወደደውን ሥራ እንደገና ስለ መሥራት

አንድ ድርሰት ወይም አንድ ፊልም በሕዝብ ዘንድ እጅግ ከተወደደ በኋላ፣ ሌላ ሰው ተነሥቶ «እኔ ደግሞ በራሴ መንገድ እንደገና እሠራዋለሁ» ቢል ይገባዋልን? ወይስ የተወደደ ነገር ሳይነካ እንዳለ መቀመጥ አለበት? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን ፍቅርና ባለቤትነት የሚለያዩበትን ድንበር የሚመለከት የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል።

ምሳሌውን ከአገራችን እንውሰድ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በ2017 ዓ.ም. ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሲቀርብ፣ ገና ከመታየቱ በፊት ያዘኑ አንባቢዎች ነበሩ። ሐዘናቸው ከክፋት የመጣ አልነበረም። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ በልቡ የቀረጻት አንዲት ሰብለ ወንጌል አለችው፤ በዛብህንም፣ ጉዱ ካሣንም እንደ ዘመድ ያውቃቸዋል። አሁን አንድ አዘጋጅ መጥቶ «ሰብለ ይህችውላችሁ» ሲለው፣ አንባቢው ንብረቱን የተቀማ ያህል ቢቈጣ አያስደንቅም።

ነገር ግን ይህ አንባቢ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የራዲዮ ዝግጅት ይህንኑ መጽሐፍ ሲያነብ፣ እርሱም በራሱ መንገድ እንደገና መሥራቱ ነበር። በወረቀት ላይ ድምፅ የለም። የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣ ከፍና ዝቅ አድርጎ፣ የጉዱ ካሣን ምሬት ለይቶ ለጆሯችን የሰጠ ወጋየሁ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው መጽሐፉን ገልጦ በዓይኑ ሲያነብ እንኳ የሚሰማው የእርሱን ድምፅ ነው። ያን ጊዜ በእንግድነት የገባው ዛሬ ቤተኛ ሆኖ፣ አዲሱን እንግዳ በር ላይ የምናቆመው በእርሱ ስም ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። የዜማ ተማሪ ከመምህሩ የተቀበለውን የቅዱስ ያሬድን ዜማ አንዲት ምልክት ሳያዛንፍ መያዝ አለበት፤ ቢያዛንፍ ይታረማል። እዚያው አጥር ውስጥ ያለው የቅኔ ተማሪ ግን ትናንት የተሰማውን ቅኔ ዛሬ የራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ያፍራል። ጉባኤ ቃናውም ሆነ መወድሱ ከአባቶች የተወረሰ መልክ ሲሆን፣ ምሥጢሩ ግን የራሱ ሊሆን ይገባል። (ለዚህ ሥራ «መዝረፍ» የሚለውን ቃል የመረጡት ሊቃውንት ያለ ምክንያት የመረጡት አይመስለንም።) እንግዲህ ልብ ወለድ ታሪክ ከሁለቱ ወደ የትኛው ይጠጋል? እኛ ወደ ቅኔው ነው እንላለን። ሰብለ ወንጌል በመነኵሴ ልብስ ተሰውራ ፍቅረኛዋን ፍለጋ ስትወጣ፣ ሴት በወንድ መነኵሴ ልብስ መሰወሯ በስንክሳር ከምናገኘው የቅድስት ማሪና ታሪክ ጋር ይቀራረባል። የደራሲው ጥበብ ጥንታዊውን መልክ ለራሳቸው ዘመን ጥያቄ ማዋላቸው ላይ ነው።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በአስፈሪ ታሪኮች ነው፤ ፍርሃት ከዘመን ጋር ልብሱን ይለውጣልና። እኛ በምንሠራበት በኒሯቅም ሆነ በሰቆጣ፣ የጭራቅ ተረት የምትነግር አያት ለአንዱ በአማርኛ፣ ለሌላው በኽምጣና ትነግራለች። ጭራቁንም ልጆቹ በሚያውቁት ገደል፣ ወይም በተከዜ ዳር ታስቀምጠዋለች። ገደሉ የተለወጠው ለተረቱ ንቀት ስላላት ሳይሆን፣ ልጁ እንዲፈራ ነው።

በውጭው ዓለምም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ሙርናው «ኖስፌራቱ» የተባለውን ፊልም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1922 ሲሠራ፣ ታሪኩን የወሰደው በ1897 ከታተመው የብራም ስቶከር «ድራኩላ» ነበር። የደራሲው ባለቤት ስላልፈቀዱ ከሰሱ፤ በ1925ም ቅጂዎቹ እንዲጠፉ ፍርድ ቤት አዘዘ። ያመለጡት ጥቂት ቅጂዎች ፊልሙን አቈዩት። ከዚያ በኋላ ያንኑ ፊልም ሄርዞግ በ1979፣ ኤገርስ ደግሞ በ2024 እንደገና ሠሩት። «ዋናው አይነካ» የሚል ሰው ዋናው የትኛው እንደ ሆነ ይንገረን! ጆን ካርፔንተር በ1982 ያወጣው «ዘ ቲንግ»ም የ1951ን ፊልም ተከትሎ የመጣ ሲሆን፣ በወጣበት ጊዜ ብዙ ተቺዎች አጣጣሉት፣ ገበያም ነፈገው። ዛሬ ግን ወዳጆቹ እርሱን ራሱን «አይነካብን» ይላሉ።

የባለ መብቱ ነገር ግን ሌላ ነው፤ የሙርናው ታሪክም ይህን ያስታውሰናል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ክቡር ሐዲስ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ መጽሐፋቸውን ወደ ፊልም የሚለውጥ ሰው የወራሾቻቸውን ፈቃድ ማግኘት ግዴታው ነው። እነርሱ እንቢ ቢሉ ይችላሉ። ወዳጅ ግን፣ ምንም አጥብቆ ቢወድ፣ የመፍረድ እንጂ የመከልከል ሥልጣን የለውም። ሥራው ቀርቦ ደካማ ሆኖ ካገኘው ይናገር፤ እኛም አብረነው እንናገራለን። በ1998 ጋስ ቫን ሳንት የሂችኮክን «ሳይኮ» ከሞላ ጐደል ትዕይንት በትዕይንት ገልብጦ ቢያቀርብ፣ ታማኝነቱ ሕይወት አልሰጠውም። አያቲቱ የሌላ አገር ገደል ስም በቃሏ አጥንታ ብትነግር እንደዚያው በሆነ ነበር።

ይህን ሁሉ የምንለው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በጦርነት ምክንያት ከአበርገሌ ተፈናቅለው በሰቆጣ የከረሙ ልጆች አሉ። ከቤቱ ሲሸሽ የመጽሐፍ ሣጥን ተሸክሞ የወጣ ሰው አላየንም። እንዲህ ላለው ልጅ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚደርሱት በሰው ስልክ ላይ እየተጋፋ በሚያየው ድራማ ከሆነ፣ እኛ ከመደርደሪያችን መጽሐፉን እያወረድን «ይህ እውነተኛው አይደለም» ብንለው ምን ይጠቅመዋል? ለእርሱ የመጀመሪያው ያ ነው። ወደ መጽሐፉም የሚመጣ እንደ ሆነ፣ በዚያ በር አልፎ ይመጣል።

ከእነዚህም ልጆች አንዱ አድጎ ታሪኩን በኽምጣና ለመድረክ ያዘጋጅ ይሆናል። ያን ጊዜ ካሣ ዳምጤን ሰው ለምን «ጉዱ» እንዳለው የሚገልጽ አንዲት አጭር ቃል ከራሱ ቋንቋ መፈለግ ይኖርበታል፤ ጐረቤቶቹም ቃሊቱ ትክክል ናት፣ አይደለችም እያሉ ይከራከሩበታል።