ቤዛው ከተከፈለ በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በሰው እጅ የተያዘን ወገን ዋጋ ከፍሎ ማስለቀቅ በክርስቲያኖች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ምግባር ነው። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በጦርነት የተማረኩትን ለማስለቀቅ የቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትን ባስቀለጡ ጊዜ የነቀፏቸው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ወርቁን ከመጠበቅ ነፍስን መጠበቅ እንደሚበልጥ መለሱላቸው። ስለዚህ ምርኮኛን መዋጀት ተገቢ ነውን ብለን አንጠይቅም። የሚያስጨንቀን ጥያቄ ሌላ ነው። የምንከፍለው ገንዘብ ነገ ሌላውን ወንድማችንን ለማጥመድ እንደሚውል እያወቅን በምንከፍልበት ጊዜ፣ ከክፍያው በኋላ ምን ይጠበቅብናል?

ይህ በመጻሕፍት ብቻ የሚገኝ ክርክር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በግብፅ ሲና በረሃ የተፈጸመውን በስደት የሚኖር ወገናችን ያውቀዋል። አብዛኞቹ ኤርትራውያን የሆኑ፣ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያንም ያሉባቸው ስደተኞች፣ ብዙዎቹም በሱዳን ከመጠለያ ጣቢያ አካባቢ እየተጠለፉ፣ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጡ ሲና ይደርሱ ነበር። በዚያም በሰንሰለት ታስረው፣ ቀልጦ በሚንጠባጠብ ፕላስቲክ እየተቃጠሉ፣ ስልክ ይሰጣቸውና ወደ ዘመድ እንዲጮኹ ይደረጋሉ። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በዓረብ አገሮች ያለው ዘመድ ጩኸቱን እየሰማ ገንዘብ ይለምናል፣ ይበደራል። ለአንድ ሰው ይጠየቅ የነበረው ከ30,000 እስከ 40,000 የአሜሪካ ዶላር ይደርስ ነበር። ጉዳዩን የመረመሩ ምሁራን በ2013 ባወጡት ጥናት የተጎጂዎችን ቁጥር ከ25,000 እስከ 30,000 ገምተውታል።

«አትክፈሉ፤ ካልተከፈለ ንግዱ ይሞታል» የሚሉ አስተዋዮች አሉ። ነገሩ በስሌት እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን የታሰረው ልጅ ለነጋዴው ትምህርት እንዲሆን የሚሠዋ መሥዋዕት አይደለም። እርሱ ራሱ ፍጻሜ ያለው፣ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነፍስ ነው። በጉልበት ተገድዶ የከፈለ ሰው የሻጩን ኃጢአት አይሸከምም። እናት ልጇን ለማዳን ቤቷን ብትሸጥ ማንም ሊፈርድባት አይገባም። ሆኖም የስሌተኞቹ ክርክር የሚነካን በአንድ ቦታ ነው፤ ከፍሎ ዝም ያለ ሰው አንዱን ነፍስ አውጥቷል፣ ገበያው ግን እንደ ተከፈተ ቀርቷል።

ይህን ዝምታ ስለ ሰበሩ አንዲት ሚስዮናዊት እናውሳ። በዚያ ዘመን ከሲና ተርፈው እስራኤል የገቡ ስደተኞች ሕክምና ከሚያገኙባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ ለሰብአዊ መብት የቆሙ ሐኪሞች ማኅበር በጃፋ የከፈተው ነጻ ክሊኒክ ነበር። ሐኪሞቹ የቃጠሎ ጠባሳን፣ የሰንሰለት ቁስልን፣ ከመደፈር የመጣ እርግዝናን ያያሉ፤ በሽተኞቹ ግን አይናገሩም። ሆድ ከአገር ይሰፋልና ሁሉም መከራውን በሆዱ ይዞት ነበር። በዚህ ጊዜ ኤርትራዊቷ ነርስ ሲስተር አዘዘት ኪዳነ በበጎ ፈቃድ ሊያገለግሉ ወደዚያ መጡ። ሲስተር አዘዘት የኮምቦኒ ሚስዮናውያን እኅቶች ማኅበር አባል ናቸው፤ ይህንን ማኅበር በ1872 የመሠረቱት ዳንኤል ኮምቦኒም በሱዳን የባሪያ ንግድን የተቃወሙ ሰው ነበሩ። እኒህ መነኵሲት የካቶሊክ እንጂ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደሉም፤ ነገር ግን ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምር በመንገድ የወደቀውን ያነሣው ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ እናስታውሳለን።

ሲስተር አዘዘት የያዙት መሣሪያ ቋንቋና ትዕግሥት ነበር። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር በሚገባው ልሳን እየተነጋገሩ፣ ሲያለቅስ እየጠበቁ፣ የብዙ መቶ ሰዎችን ቃል መዘገቡ። ከእነዚህ ቃሎች የተነሣ በሲና የማሠቃያ ስፍራዎች እንዳሉ ለዓለም ተገለጠ። በ2012 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሰው ንግድን ከሚዋጉት ጀግኖች አንዷ አድርጎ አከበራቸው። ሥራቸው ግን በመመዝገብ አላበቃም። ከአንዲት እስራኤላዊት የሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር በመሆን «ኩቺናተ» የተባለውን የስደተኛ ሴቶች ማኅበር በቴል አቪቭ አቋቋሙ፤ በዚያም ከመከራ የወጡት እኅቶች በኪሮሽ ቅርጫት እየሠሩ እንጀራቸውን ያገኛሉ። የዳነ ሰው ዘወትር ምጽዋት ተቀባይ ሆኖ መቅረት የለበትም። የአገራችን የመጀመሪያው ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም ወደ አክሱም የመጡት በልጅነታቸው ተማርከው ነበር።

ምስክርነት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከሲና በኋላ የሆነውም ያሳያል። ንግዱ ወደ ሊቢያ ከተዛወረ በኋላ በዚያ ስደተኞችን በማሠቃየት የታወቀ አንድ የሰው ነጋዴ በ2020 አዲስ አበባ ላይ ተያዘ። የተያዘውም ቀድሞ በእጁ የተሠቃየ ወጣት በመንገድ አይቶ ስላወቀው ነው። በማግሥቱ ዓመት ከችሎት ቢያመልጥም በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ2023 መግቢያም ሱዳን ውስጥ ዳግመኛ ተያዘ። ያን ሁሉ የጀመረው «ይህ ሰው እርሱ ነው» ብሎ የተናገረ አንድ ተበዳይ ነበር።

እንግዲህ ከቤዛው በኋላ ያለብን ዕዳ ሦስት ነው። አንደኛው መስማት ነው። ከበረሃ ተርፎ ወደ ጉባኤያችን የሚመጣውን ለወሬ ብለን አንመርምረው፤ ሊናገር ሲወድ ግን የሚሰማው ይኑር። ለንስሐ አባት የተነገረ ምስጢር ምስጢር ሆኖ ይኖራል፤ በአደባባይ መመስከር የባለቤቱ ፈቃድ ነው፤ የእኛ ድርሻ እንዲበረታ ማገዝና ዘመዶቹ እንዳይጎዱበት መጠንቀቅ ነው።

ሁለተኛው ዕዳን መካፈል ነው። የተፈታው ሰው የቤዛውን ብድር ለዓመታት ሲከፍል ይኖራል፤ ጩኸቱ በስልክ ሲሰማ ያዋጣን ሁሉ፣ ጩኸቱ ካበቃ በኋላ የቀረውን ብድር ዞር ብለን ልናየው ይገባል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ነጋዴው ያለ ደላላ፣ ደላላውም ያለ ገንዘብ ተቀባይ አይሠራም፤ ከእነዚህም የእኛኑ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በመካከላችን በክብር የሚኖሩ አሉ። የካህናት አለቆች እንኳ ይሁዳ የመለሰው ብር የደም ዋጋ ስለ ሆነ ወደ መባ ሣጥን ሊያስገቡት አልደፈሩም። ራሳቸው የከፈሉት ገንዘብ መሆኑ ግብዝነታቸውን ቢገልጥም፣ ሕጉ ትክክል ነበር። በወንድም ሥጋ የተገኘ ገንዘብ ለሕንጻ ማሠሪያ ቢሰጥ ልንቀበለው፣ ሰጪውም በፊት ወንበር ሊቀመጥበት አይገባም። በሐሜት ንጹሑን እንዳንወነጅል ማስረጃን ለሕግ ማቅረብ ይገባናል፤ በተረጋገጠው ላይ ግን ዝም ብንል ዝምታችን ለእርሱ መሸሸጊያ ይሆንለታል።

ቤዛ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ ምስክርነት ግን በየዕለቱ ይከፈላል። እኛ ሁላችን በዋጋ የተገዛን ነንና በወንድሞቻችን ላይ ዋጋ በሚተምን ሰው ፊት ዝም እንዳንል አምላካችን ያጽናን። በምርኮ ያሉትን ያስፈታልን፤ በበረሃ የቀሩትን ነፍሳቸውን ይማር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።